የከተማን ልምላሜ ከሰማይ ስለ መለካት

መደብር ወይም መጋዘን ሊከፍት ያሰበ ነጋዴ የሰፈሩን ኪራይና መንገድ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ስለ ዛፉና ስለ ጥላው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህንንም ምድርን የሚዞሩ ሳተላይቶች በሚያነሡት ፎቶግራፍ መመርመር ይቻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግቡ ይወስደዋል፤ ከቀይ ቀጥሎ ያለውንና ዓይን የማያየውን ብርሃን ግን አብዝቶ ይመልሰዋል። ከማይታየው ላይ ቀዩ ተቀንሶ ቀሪው ለሁለቱ ድምር ሲካፈል ውጤቱ ከ1 አይበልጥም፤ ወደ 1 በቀረበ መጠን ልምላሜው የበዛ ነው። የአሜሪካው ላንድሳት ፎቶግራፎች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ያለ ዋጋ ይገኛሉ። በ2015 ሥራ የጀመረው የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ደግሞ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነውን ቦታ እንደ አንድ ነጥብ ያሳያል።

ሆኖም የፎቶግራፉን ወር ሳይጠይቁ ማመን ያሳስታል። በአዲስ አበባ በመስከረም ሣር የለበሰ ባዶ ቦታ መናፈሻ ይመስላል፤ በየካቲት ግን አቧራ ነው። ስለዚህ የሁለቱን ወራት ማስተያየት ይገባል፤ የክረምቱንማ ደመናው ይሸፍነዋል። ደግሞም በግንብ የታጠረ የግል አትክልትና ለሕዝብ የተከፈተ መናፈሻ በቍጥሩ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። ገበያተኛ የሚያርፍበት የመንገድ ዳር ትንሽ ዛፍም በዚያ 10 ሜትር ውስጥ ከአስፋልቱ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። እርሱን ለማየት፥ የኪራይ ውል ከመፈረም በፊት፥ በቀትር ፀሐይ በሰፈሩ በእግር መዘዋወር ግድ ነው።