የግራፍ ሽግሽግና የገላጭ ድርሰት አጻጻፍ

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

በገላጭ ድርሰት አንድ ነገር መለወጡን ብቻ መናገር አይበቃም። ከምን ተነሥቶ፣ በየትኛው አቅጣጫና በምን ያህል መጠን እንደ ተለወጠ ማስታወቅ ይገባል። በሒሳብ ትምህርት የፈንክሽን ግራፍ ሲሸጋሸግ ይህ ሕግ በግልጽ ይታያል።

ከመርሐቤቴ ቆላ ወደ መንዝ ደጋ የሚወጣ መንገደኛ ከፍ ባለ ቁጥር ብርዱ ይበረታበታል። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር የአየር ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳልና። ሰዓቱን በአግድም ዘንግ፣ ሙቀቱን በቋሚ ዘንግ አድርጋችሁ የአንድ መንደር የቀን ሙቀት ግራፍ ሣሉ። ሰዓቱን ሰ፣ በዚያ ሰዓት ያለውን ሙቀት ሙ(ሰ) በሉት። ከዚህ መንደር 1000 ሜትር ከፍ ብሎ ያለ የመንዝ መንደር ሙቀት በአማካዩ ስሌት ሙ(ሰ) − 6.5 ይሆናል። የግራፉ ቅርጽ አልተለወጠም፤ መላው ግራፍ ግን በ6.5 ወደ ታች ወርዷል። ሊነጋጋ ሲል በታችኛው መንደር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ቢሆን፣ በላይኛው ከዜሮ በታች 0.5 ይሆናል። እሸት የያዘውን ገብስ ውርጭ ሊመታው ይችላል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ያንኑ የታችኛውን መንደር ግራፍ በውጭ አገር የ24 ሰዓት አቆጣጠር ሣሉት። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት የሚባለው በውጭው 15 ነው፤ ልዩነቱ 6 ነው። የውጭውን ሰዓት ው ብንለው ሙቀቱ ሙ(ው − 6) ተብሎ ይጻፋል። የመቀነስ ምልክቱን ያየ ተማሪ ግራፉ ወደ ግራ የሄደ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ው 15 ሲሆን 15 − 6 = 9 ነው፤ በ9 ላይ የነበረው ነጥብ 15 ላይ ዐረፈ። ስለዚህ ግራፉ የተገፋው በ6 ወደ ቀኝ ነው።

እንግዲህ ከቅንፍ ውጭ ያለው ቅናሽ ግራፉን ወደ ታች፣ ከቅንፍ ውስጥ ያለው ወደ ቀኝ ይወስደዋል። በመጀመሪያው ሙቀቱ ራሱ ይለያያል፤ በሁለተኛው የተለወጠው አቆጣጠሩ ብቻ ነው። ይህን ሳይለይ «ግራፉ ተለወጠ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን ያሳስታል።

ለ. ሰዋስው

«ግራፉ ዝቅ አለ» እና «ከፍታው ግራፉን ዝቅ አደረገው» የሚሉትን አስተያዩ። «አለ» ሲሆን ግሡ ተሳቢ አይሻም፤ «አደረገ» ሲሆን ግን ተሳቢ ይሻል፤ የለውጡም ምክንያት ባለቤት ሆኖ ይነገራል።

ሐ. መልመጃ

1. «ከፍ አለ»፣ «ከፍ አደረገ»፣ «ጠጋ አለ»፣ «ጠጋ አደረገ» በሚሉት ግሦች አራት ዐረፍተ ነገሮች ሥሩ።
2. የመንዝ ጓሳ ከ3200 ሜትር ተነሥቶ እስከ 3700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በሁለቱ ከፍታዎች መካከል ያለውን አማካይ የሙቀት ልዩነት አስሉ።
3. ሙ(ሰ) + 2 እና ሙ(ሰ + 2) ግራፉን ወዴትና በስንት እንደሚያሸጋሽጉት በአንድ አንቀጽ ግለጹ።