ሰው ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ጂ+4 ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ እንበል። ዲሽ ማሰቀል ፈልገዋል። ወይም ምድር ላይ ሱቅ ከፍተው ሁለተኛው ፎቅ ግድግዳ ላይ ታፔላ ማቆም አስበዋል። ሠራተኛ ጠርተው ዋጋ ሲጠይቁ የሚነገርዎ አብዛኛውን ጊዜ የመብሻና የማሰሪያ ሒሳብ ነው። ከባዱ ነገር ግን መብሳቱ አይደለም፤ ሰውየው እዚያ እንዴት እንደሚደርስ፣ እጁ ድሪል ይዞ ሳለ እግሩ ምን ላይ እንደሚቆም ነው። እኔ ብሆን ከዚህ እጀምራለሁ፤ መልሱ ካላጠገበኝ ሠራተኛውን ሳይሆን የሚሰቀልበትን ቦታ እቀይራለሁ።

የግድ ውጭ ግድግዳ ላይ ነው?

ዲሽ ከሆነ ይህን ከበረንዳዎ ሆነው በስልክዎ ኮምፓስ ማጣራት ይችላሉ። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች የሚተላለፉበት ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሲታይ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ፣ ከአድማስ 66 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። ናይልሳት በአንጻሩ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆነ ዲሹ ወደ ምዕራብ ዞሮ 37 ዲግሪ ያህል ብቻ ቀና ይላል። ግድግዳዎ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ኢትዮሳትን ሕንፃው ራሱ ይጋርድብዎታል፤ ምንም ያህል ቢከፍሉ አይስተካከልም። ወደ ምሥራቅ ቢያይም ከላይ ያለውን በረንዳ ይመልከቱ፤ 66 ዲግሪ ማለት ወደ አናት የቀረበ ነውና የላይኛው ጎረቤት ወለል ሊከልለው ይችላል።

ጣሪያ ላይ አንድ ዲሽ ተክሎ በማልቲስዊች ለብዙ ቤት ማከፋፈል ይቻላል። ጎረቤት ማስማማት መሰላል ከመውጣት የሚከብድበት ሕንፃ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይሞክሩት። የሚሰቀለው ኤሲ ከሆነም የውጭውን ክፍል በረንዳ ወለል ላይ ማስቀመጥ ብዙ ጣጣ ያስቀራል። (አዲስ አበባ ውስጥ ኤሲ በእርግጥ የሚያስፈልገው ስንቱ ቢሮ እንደሆነ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ካሉ ግን ይህን አልልዎትም።)

ግድግዳው የማን ነው?

በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚተዳደር ቤት ካለዎት፣ የውስጡን ክፍል እንደ ራስዎ ቢያዝዙበትም የውጩ ግድግዳ የጋራ ነው። የማኅበሩን ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ። ተከራይ ከሆኑ የአከራዩንም። ታፔላ ለብቻው የማስታወቂያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የኮሪደር ልማት ባለፈባቸው መንገዶች ዳር ደግሞ የሕንፃውን ፊት ገጽታ ከተማው ስለሚቆጣጠር ብረት ከማስበየድዎ በፊት ወረዳውን ይጠይቁ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሌላ ነው፦ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ከሕንፃ ላይ ወድቆ ጉዳት ላደረሰ ዕቃ ተጠያቂው ሕንፃውን ይዞ የሚኖርበት ሰው ነው። «የሰቀለው ሠራተኛው ነው» ብለው አያመልጡም።

ምን ላይ ነው የሚታሰረው?

አብዛኛው የከተማችን ግድግዳ ልስን የለበሰ ብሎኬት ነው፤ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው። ክብደት የሚሸከሙት ኮለኑና ቢሙ ናቸው። ተራ ፊሸር ድፍን ኮንክሪት ውስጥ ሲገባ በጎንና ጎኑ ተጨንቆ ይይዛል፤ ባዶ ብሎኬት ውስጥ ግን የሚጨነቅበት ነገር የለም። በዕለቱ የጠበቀ ይመስላል፣ ከወራት ንቅናቄ በኋላ ይላላል። ድሪሉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሄዶ በድንገት ዘው ካለ ባዶ ውስጥ ገብቷልና ቦታው ወደ ኮለን ወይም ወደ ቢም ይዛወር። ካልተቻለ ግድግዳውን ዘልቆ ከውስጥ በኩል በላሜራ የሚታሰር ረጅም ቡሎን ይጠይቁ። ብሎኬት በሀመር ሲበሳ ጀርባው ስለሚፈረፈር ሀመሩ ጠፍቶ ይበሳ። ሕንፃው አሉኮቦንድ ከለበሰ ያ ቆርቆሮ ምንም አይሸከምም፤ ማሰሪያው አልፎት ኮንክሪቱ ላይ መድረስ አለበት።

የዕቃውን ክብደት ብቻ አያስቡ፤ ነፋስ አለ። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ ፊት ለፊት ያገኘውን እያንዳንዱን ካሬ ሜትር በ25 ኪሎ ያህል ይገፋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቀላል የሸራ ታፔላ እንግዲህ 50 ኪሎ ተሸክሞ እንደሚወዛወዝ ይቁጠሩት።

እንዴት ይወጣል?

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። የአራተኛ ፎቅ ወለል ከመሬት 12 ሜትር ገደማ ነው፤ ተራ መሰላል አይደርስም፣ ሁለት መሰላል በገመድ አስሮ ማስረዘም ደግሞ ሥራ አይባልም። ከዚያ ከፍታ የወደቀ ሰው መሬት የሚነካው በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው። ዝቅ ላለ ቦታ መሰላል ካስፈለገ ለእያንዳንዱ አራት ሜትር ቁመት እግሩ አንድ ሜትር ከግድግዳው ይራቅ፤ ታችም የሚይዝ ሰው ይኑር።

በመስኮት ወጥቶ አንድ እጁ የመስኮቱን ብረት፣ አንድ እጁ ድሪሉን ይዞ የሚሠራ ሰው አይተው ይሆናል። «ለምጄዋለሁ» ይልዎታል። እርስዎ ግን እምቢ ይበሉ። ያለው ምርጫ በትክክል የታሰረ መወጣጫ፣ ቅርጫት ያለው ክሬን ወይም ከጣሪያ በገመድ የሚወርድ በሥራው የሠለጠነ ባለሙያ ነው። ቀበቶ አለኝ ካለ ገመዱን የት እንደሚያስረው ይጠይቁት። የበረንዳ መደገፊያና የመስኮት ብረት የሚወድቅ ሰው እንዲይዙ አልተሠሩም፤ ኮለን ወይም ጠንካራ የጣሪያ ኮንክሪት ያስፈልጋል። ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ቀበቶም የወደቀን ሰው ራሱ ይጎዳዋል፤ ትከሻና ጭን የሚይዘው ይሁን። ተንጠልጥሎ ቢቀር ማን፣ በምን ያወርደዋል? መልስ ከሌለ ሥራው አይጀመር።

ከሕንፃው ፊት ለፊት የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ሽቦም ይመልከቱ። ባለ 15 ሺህ ቮልት መስመር ሳይነኩት፣ በመቅረብ ብቻ ሊገድል ይችላል። ሰውየውም፣ የያዘው ቱቦላሬም፣ መሰላሉም ቢያንስ 3 ሜትር ይራቁ፤ ካልተቻለ መስመሩ እንዲቋረጥ ይጠየቅ። ታችም መንገደኛ እንዳያልፍ ይከለል፤ ከላይ የምትወድቅ ቡሎን ትንሽ አይደለችም።

ዝናቡስ?

የተበሳው ቀዳዳ ሁሉ ለክረምት የተከፈተ በር ነው። የኬብሉ ቀዳዳ ወደ ውጭ ዝቅ ብሎ ይበሳ፣ ኬብሉ ከመግባቱ በፊት ውኃው እንዲንጠባጠብ ወደ ታች ይታጠፍ፣ ዙሪያው በሲሊከን ይዘጋ። ሥራው በበጋ ይሁን፤ እርጥብ ግድግዳ ላይ ማንንም አያውጡ።

ሲበላሽ ማን ይወጣል?

ዲሹ በነፋስ ይዞራል፣ ኤል ኤን ቢው ይቃጠላል፣ የታፔላው መብራት ይጠፋል። አንድ ጊዜ የተሰቀለ ነገር ሁለተኛና ሦስተኛ መውጣት አለው፤ ዋጋ ሲደራደሩ ያንንም ይጨምሩ። የታፔላው ትራንስፎርመር ከውስጥ ይቀመጥ። የኤሲው ጋዝ መሙያ ከመስኮት እጅ የሚደርስበት ይሁን። ሠራተኛው እያንዳንዱን ቡሎን በቅርበት ቪዲዮ ቀርጾ እስኪያሳይዎ ድረስም ከክፍያው የተወሰነውን ያስቀሩ፤ ከመሬት ሆነው ሲያዩት ሁሉም የጠበቀ ይመስላልና።