የተኛ ባሌስትራ እንዴት ይጠገናል?

በግራና፥ በመርሳና በወልድያ ዙሪያ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር የሚዘልቅ መኪና ድንጋይና ጉድጓድ አይቀርለትም። የመንገዱን ምት አስቀድሞ የሚቀበለው ባሌስትራው ነው። ላንድ ሮቨር በ1948፥ ባለ 40 ቁጥሩ ላንድ ክሩዘር ደግሞ በ1960 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲወጡ፥ አራቱም ጎማዎቻቸው በባሌስትራ ላይ ያረፉ ነበሩ።

ባሌስትራ ማለት ርዝመታቸው የሚበላለጥ ዝርግ ብረቶች ተደራርበው እንደ ቀስት የጎበጡበት ሞላ ነው። ስሙም ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን፥ በዚያ ቋንቋ የቀስት መሣሪያ ማለት ነው። ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1678 እንደ ገለጠው፥ ሞላ የሚለጠጠው በተጫነበት ኃይል መጠን ነው። ነገር ግን ይህ ሕግ ወሰን አለው። ጭነቱ ከወሰኑ ያለፈ እንደ ሆነ፥ ቢራገፍም እንኳ ብረቱ ወደ ቀድሞ ጉብጠቱ አይመለስም። ባሌስትራው ተኛ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። መኪናውም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ በዳገትና በጠመዝማዛ መንገድም ለተሳፋሪዎች አደገኛ ይሆናል።

እንግዲህ ጥገናው በቅደም ተከተል እንዲህ ነው።

አንደኛ፥ ባዶውን መኪና በደልዳላ ስፍራ አቁሞ የጎማውን ነፋስ ማስተካከል፤ ከዚያም ከጎማው መካከል እስከ መከለያው ድረስ ያለውን ከፍታ በግራም በቀኝም መለካት።

ሁለተኛ፥ መሬት የሚነኩትን ጎማዎች በድንጋይ ማገድ፤ በክሪክ አንሥቶ ሻንሲውን በጠንካራ ድጋፍ ላይ ማሳረፍ። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር መግባት ነፍስን መድፈር ነው።

ሦስተኛ፥ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላቸውን ቡሎኖች ፈትቶ ባሌስትራውን ማውጣት። የመካከሉ ቡሎን ሳይፈታ ብረቶቹ በማሰሪያ ይጠበቁ፤ አለዚያ ተስፈንጥረው ሰው ይጎዳሉ።

አራተኛ፥ ዝገቱን ጠርጎ ስንጥቅ መፈለግ። የተሰነጠቀ ብረት ይለወጣል እንጂ አይበየድም።

አምስተኛ፥ ጉብጠቱን መመለስ ወይም በአዲስ መተካት። ይህም በግራና በቀኝ እኩል ይደረጋል።

እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያሻል። ቀጥቃጮቻችን አሮጌ ባሌስትራ በከሰል አግለው ማጭድና ቢላዋ ይሠሩበታል። ለመኪና የሚመለሰው ግን አግሎ በማጉበጥ ብቻ አይበቃም። ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ በዘይት ይቀዘቅዛል፤ ቀጥሎም ከ400 እስከ 500 በሚሆን ሙቀት ይለዝባል። ይህ ካልተደረገ ወይ ለስልሶ ዳግመኛ ይተኛል፥ ወይም እንደ ሸክላ ይሰበራል። ስለዚህ የማሞቂያ ምድጃ በሌለበት አዲስ መግዛት ይሻላል።

አንዳንዶች አንድ ብረት ይጨምራሉ። ውፍረታቸው እኩል በሆነ ስድስት ብረቶች ላይ ሰባተኛ ቢታከል፥ ጥንካሬው በስድስተኛ ያህል ይጨምራል። ሆኖም ፍሬኑና ሻንሲው የቀድሞዎቹ ናቸውና ጭነት ለመጨመር ፈቃድ አይሆንም።

በመጨረሻም የጫፎቹ ቡሎኖች መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ይጥበቁ፤ ከጥቂት ቀን ጉዞ በኋላም ሁሉም ይፈተሹ። ብረት አቅሙን በጉብጠቱ ይናገራል፤ አይቶ ጭነቱን የሚመጥን ባለ መኪና ንብረቱንም ሰዉንም ያድናል።