የሙቀትና የብርድ ወሰን፦ ከስፖኬን ከተማ የምናገኘው ትምህርት

ስፖኬን በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከውቅያኖስ ርቃ የምትገኝ መካከለኛ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1888 ብርዱ ከዜሮ በታች 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ፤ ጁን 29 ቀን 2021 ደግሞ ሙቀቱ ወደ 43 ዲግሪ ከፍ አለ። ሁለቱም በከተማይቱ መዝገብ አቻ የላቸውም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ውሃ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ቀስ ብሎም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የባሕር ዳርቻ አገር የአየር ጠባይ ለዘብ ያለ ነው፤ ከባሕር የራቀ ምድር ግን ፈጥኖ ይግላል፣ ፈጥኖም ይበርዳል። በ2021 ከፍተኛ ግፊት ያለው አየር በአካባቢው ላይ እንደ ክዳን ተደፍቶ ለቀናት ቆየ፤ ወደ ታች የሚወርደውም አየር እየታመቀ ጋለ። የምድራችን አጠቃላይ ሙቀት መጨመሩም ነገሩን አባባሰው።

በዚያው ሙቀት፣ በጎረቤት የካናዳ ግዛት በብሪቲሽ ኮሎምቢያ 619 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ አረጋውያን ሲሆኑ፣ ከግማሽ የሚበልጡት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ ከጥቂቶች በስተቀር ሁሉም የሞቱት በቤት ውስጥ ነው። በራቸውን የሚያንኳኳ ሰው ቢያገኙ ኖሮ፣ ከእነርሱ መካከል የሚተርፉ በኖሩ ነበር።

ለውይይት፦ በሰበካችን ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን እነማን ናቸው? ሙቀቱ ወይም ብርዱ በሚበረታበት ቀን ማን ይጠይቃቸዋል?