አልነሳ ያለ ቫኪዩም ክሊነር

ጥያቄ፦ ቫኪዩም ክሊነራችን ምንጣፍ እየጠረግሁበት ድንገት ጠፋ፤ አሁን ማብሪያውን ብጫነውም አይነሳም። ሞተሩ ተቃጥሎ ይሆን?

መልስ፦ ለመደምደም አይቸኩሉ። ሶኬቱ ላይ ሌላ ዕቃ ሰክተው መብራት መኖሩን ያረጋግጡ። ካለ፣ እኔ በቅድሚያ የምጠረጥረው ሙቀትን ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማሽኑ የሚስበው አየር ስለሆነ፣ ከረጢቱ ሲሞላ ወይም ማጣሪያው በአቧራ ሲታፈን ይግላል፤ በብዙዎቹ ማሽኖች ውስጥ ያለው የሙቀት መከላከያም ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል። ስፒናውን ይንቀሉ፤ ከረጢቱን ባዶ ያድርጉ፤ ቱቦው ውስጥ የተወተፈ ነገር ካለ ያውጡ። ማጣሪያው ከታጠበ በደንብ ሳይደርቅ እባክዎ አይግጠሙት። አንድ ሰዓት ያህል አቆይተው ይሞክሩት።

አሁንም እንቢ ካለ፣ ገመዱ ስፒናው አጠገብ ተበጥሶ ይሆናል።

ማሽኑ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነና 120 ቮልት የሚል ከተጻፈበት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የእኛ መስመር 220 ቮልት ነውና ያለ ትራንስፎርመር ከሰኩት ሞተሩ ሳይቃጠል አይቀርም። የተቃጠለ ሽታ ካለው ደግመው አይሰኩት፤ ለባለሙያ ያሳዩት።