በዓል ላይ ለሠራ ምን ይከፈላል?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። ክርስቲያን ነኝ። በመውሊድ ዕለት ገብቼ ስሠራ፣ “ያንተ በዓል ስላልሆነ የበዓል ክፍያ የለህም” ተባልኩ። ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ አይደለም። ሕጉ የሠራተኛውን ሃይማኖት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ዕለቱ የሕዝብ በዓል መሆኑን ብቻ ነው። መውሊድ፣ ኢድ አልፈጥርና አረፋ የሁላችንም የሕዝብ በዓላት ናቸው። ይህ ደግሞ በቀላሉ አልመጣም፤ የአገሪቱ ሙስሊሞች ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ በሰላማዊ ሰልፍ ከጠየቋቸው መብቶች አንዱ ነበር። እንደ ጀማ ንጉሥ ያሉ መውሊድ በድምቀት የሚከበርባቸው ስፍራዎች ባሉበት ወሎ፣ መውሊድ “ያንተ አይደለም” መባሉ በተለይ ያሳዝናል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በበዓል ቀን ለተሠራ እያንዳንዱ ሰዓት የሰዓቱ ደመወዝ በሁለት ተባዝቶ ይከፈላል። የሰዓት ደመወዝዎ 30 ብር ቢሆን፣ ለስምንት ሰዓት 480 ብር ማለት ነው። ከመደበኛው ሰዓት ካለፉ ትርፍ ሰዓቱ በሁለት ተኩል ይባዛል። በዓሉ በሳምንት ዕረፍትዎ ላይ ከዋለ ግን የሚከፈልዎት የአንዱ ብቻ ነው። ወርኃዊ የማርያምና የሚካኤል በዓላት ደሴም ኮምቦልቻም ቢከበሩ፣ በሕግ የሕዝብ በዓል ስላልሆኑ ይህ ክፍያ አይመለከታቸውም።

የፈረቃ መዝገቡንና የደመወዝ መክፈያ ወረቀትዎን ይዘው መጀመሪያ ለሠራተኛ ማኅበሩ ያመልክቱ። አይዘግዩ፤ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።