ለሥጋ ነው ወይስ ለጉዞ?

በአላህ ስም እጅግ በጣም ርኅሩኅ በጣም አዛኝ በሆነው



የንግድ ፊቅህ በተነሳ ቁጥር ቀድሞ ትዝ የሚለን ወለድ ነው። ከወለድ የራቀ ሰው ገበያው ሁሉ የጸዳ ይመስለዋል። ነገር ግን ወለድ ባልገባበት፣ ዕቃና ገንዘብ እጅ በእጅ በተለዋወጡበት ሽያጭም ሐራም ሊገባ ይችላል። ሻጩ የሚያውቀውን ነውር ሳይናገር ገንዘቡን ተቀብሎ ሲሄድ ማለት ነው። ለዛሬ ይህንኑ ጉዳይ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንን ሊያጋጥም በሚችል አንድ ምሳሌ እንመልከተው።

አንድ ሙስሊም ወንድማችን እ.ኤ.አ. የ1966 ሞዴል ፎርድ ሙስታንግ መኪናውን ሊሸጥ ነው እንበል። ሙስታንግ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 1964 በኒውዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ሲሆን፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አንድ ሚሊዮን ተመርቷል። ዛሬም ክላሲክ እየተባለ በሰፊው ይሸጣል፣ ይገዛል። ወንድማችን በማስታወቂያው ላይ «በሚነዳ ሁኔታ ላይ ያለ» ብሎ ጻፈ። ይህች አጭር ሐረግ በአላህ ፊት ምን ያህል ታስጠይቀዋለች?

የአሮጌ መኪና ገበያ በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ዕቃ ያውቃል። አንደኛው እንደ ጥንቱ ታድሶ ለትርዒት የሚቀርብ ነው። ሁለተኛው እንከን ቢኖርበትም መንገድ ላይ ወጥቶ የሚሄድ ነው። ሦስተኛው ቆሞ የቀረ፣ ለእድሳት ወይም ለመለዋወጫ የሚፈለግ ነው። የሦስቱ ዋጋ እጅግ ይለያያል። ስለዚህ «የሚነዳ» ማለት የማስታወቂያ ማሳመሪያ አይደለም። ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣው በዚያ ቃል ላይ ተማምኖ ነው።

ኢማም አል-ገዛሊ በ«ኢሕያ ዑሉሚ-ድ-ዲን» የዘገቡት የዋሲላ ኢብኑል አስቀዕ (ረ.ዐ) ታሪክ ለዚህ ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። አንድ ሰው ግመሉን በ300 ዲርሃም ሸጠ። ዋሲላ በአቅራቢያው ቆመው ሳለ ልብ ሳይሉ ገዢው ግመሊቱን ይዞ ሄደ። ወዲያው ተከትለው ሮጡና ለሥጋ ይሁን ወይስ ለጉዞ እንደገዛት ጠየቁት። ለጉዞ መሆኑን ሲነግራቸው፣ ኮቴዋ ላይ ቀዳዳ እንዳለና መንገዱን እንደማትዘልቀው አስታወቁት። ገዢው ተመለሰ፤ ሻጩም 100 ዲርሃም ቀነሰ። ሻጩ ገበያዬን አበላሸህብኝ ብሎ ቢወቅሳቸው፣ ለማንኛውም ሙስሊም ቅን ለመሆን ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቃል መግባታቸውን ነገሩት።

ልብ እንበል። የኮቴ ቀዳዳ ለሥጋ ለገዛ ሰው ምንም አይደለም፤ ለጉዞ ለገዛ ግን ሁሉ ነገር ነው። ነውር የሚለካው ዕቃው በሚፈለግበት አገልግሎት ነው ማለት ነው። የተላጠ ቀለምና የተቀደደ ወንበር ያለው መኪና ይነዳል። ፍሬኑ የማያስተማምን ግን ሞተሩ ቢያጓራም «የሚነዳ» ተብሎ ሊሸጥ አይገባም። በ1966ቱ ሙስታንግ አራቱም ጎማዎች የሚታዘዙት በአንድ የፍሬን ዘይት መስመር ብቻ ነው። አንድ ቦታ ላይ ዘይቱ ቢያፈስ የእግር ፍሬኑ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል። በሁለት የተከፈለው መስመር የመጣው በ1967ቱ ሞዴል ነው። እንግዲህ ፍሬኑ እንደሚያፈስ እያወቀ ዝም ያለ ሻጭ የሚያስጠይቀው በሰው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በሰው ነፍስም ጭምር ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ ከተው እርጥበት ማግኘታቸውን ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። ነጋዴው ዝናብ እንደመታው ሲናገር፣ ሰዎች እንዲያዩት ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከርሳቸው እንዳልሆነም አስጠነቀቁ። ነጋዴው እህሉን ዝናብ ስለመታው አልተወቀሰም። የተወቀሰው እርጡን ከታች፣ ደረቁን ከላይ በማድረጉ ነው።

የዚህ መኪና እርጥብ እህልም ከታች ነው። ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው የአየር ማስገቢያ የሚገባው የዝናብ ውሃ ውስጡ ያለውን ላሜራ ያዝገዋል። ላሜራው ሲበሳ ውሃው ወደ ወለሉ ይንጠባጠባል፤ ወለሉም ይበላል። ይህ መኪና ለብቻው የሚነሳ ሻንሲ የለውም፤ አካሉ ራሱ ነው የሚሸከመው። ስለዚህ ዝገቱ ውበትን ብቻ ሳይሆን ጥንካሬንም ይጎዳል። በተበላው ወለል ላይ አዲስ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ በዛገው በር ላይ ስቱኮ ለጥፎ ቀለም መቀባት፣ እርጡን እህል በደረቅ ከመሸፈን በምን ይለያል? በአገራችን ገበያ ቅቤ ውስጥ ሙዝ ከሚቀላቅለውስ በምን ይሻላል?

ከዚህ የረቀቀ ማታለልም አለ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግመል ወይም በግ ሳትታለብ ቆይታ ጡቷ ሞልቶ እንድትሸጥ ማድረግን ከልክለዋል፤ የተታለለው ገዢም እንዲመልስ መብት ሰጥተዋል። እዚህ ላይ ሻጩ አንድም የሐሰት ቃል አልተናገረም፤ እንስሳዋን ግን እንድትዋሽለት አድርጓታል። ጠዋት አልነሳ የሚለውን ሞተር ገዢው ከመድረሱ በፊት አስነስቶ ማሞቅ፣ ጭሱን ለመደበቅ ወፍራም ዘይት መጨመር የዚሁ ወንድም ነው።

የመኪናው ማንነትም አማና ነው። በመለያ ቁጥሩ ላይ 5ኛው ምልክት መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ሞተር የሚያመለክት ፊደል ነው። ባለ 6 ሲሊንደር ሆኖ የተሠራው ጎማው በ4 ብሎን፣ ባለ 8ቱ በ5 ብሎን ይታሰራል። ሞተር መቀየር ሐራም አይደለም። ሐራሙ የተቀየረውን የፋብሪካ ነው ብሎ መሸጥ፣ ወይም የውድ ሞዴል ምልክት ለጥፎ ዝም ማለት ነው። የማይል ቆጣሪውም ባለ 5 አሃዝ ስለሆነ ከ99,999 በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የፌዴራል ሕግ ቆጣሪ ማጭበርበርን ይከለክላል፤ ይህን ያህል ያረጀ መኪና ሲዛወር ግን ማይሉን በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ የለም። ሕጉ አልጠየቀኝም ማለት አላህ አይጠይቀኝም ማለት ነውን?

«ታዲያ እንዳለ ነው የሸጥኩት፤ ዋስትና የለውም ብዬ አስፈርሜያለሁ» የሚል ይኖራል። በአሜሪካ ይህ የተለመደ አሻሻጥ ነው። በሸሪዓ ሊቃውንት ዘንድም ከነውር ነጻ ነኝ ብሎ መሸጥ በሰፊው ተወያይተውበታል። የሐነፊ መዝሀብ ስምምነቱን ይቀበላል። በሻፊዒይ መዝሀብ የታወቀው አቋም ግን ሻጩን ነጻ የሚያደርገው በእንስሳ ላይ ለሚገኝ፣ ለተሰወረና እርሱም ለማያውቀው ነውር ብቻ ነው፤ እንስሳ ጤነኛም ሆኖ ታሞም ይበላልና ሕመሙ ሊሰወር ይችላል። እያወቁ መደበቅ ግን ኃጢአት ነው።

በኢማም ማሊክ «ሙወጠእ» የተዘገበው ፍርድ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) አንድ ባሪያ ከነውር ነጻ ነኝ ብለው በ800 ዲርሃም ሸጡ። ገዢው ያልተነገረው በሽታ አለበት ብሎ ከሰሰ። ኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ)፣ ኢብኑ ዑመር ሲሸጡ በሽታውን እንዳላወቁ እንዲምሉ ፈረዱ። ኢብኑ ዑመር ከመማል ባሪያውን መመለስን መረጡ። በኋላም ተሽሎት በ1,500 ዲርሃም ሸጡት። የፍርዱ ጥያቄ «አስፈርመሃል ወይ?» ሳይሆን «ታውቅ ነበር ወይ?» የሚል ነው። እያንዳንዱ ሻጭ ይህንኑ ራሱን ይጠይቅ።

ሌላም አደገኛ ምክንያት ይሰማል፤ «ገዢው ሙስሊም አይደለም» የሚል። ቁርአን በሱረቱ አሊ-ዒምራን 75ኛው አንቀጽ፣ ከራሳቸው ወገን ባልሆነ ሰው ገንዘብ እንደማይጠየቁ የሚናገሩትን ይኮንናል። በዚያው አንቀጽ ብዙ ወርቅ በአማና ቢሰጣቸው የሚመልሱ የመጽሐፉ ሰዎች መኖራቸውንም ይመሰክራል። የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች በእኛው ምድር የተጠለሉት ሃይማኖታቸው ሌላ በነበረ ንጉሥ ፍትሕ ነበር። በሰው አገር የሚኖር ሙስሊም ይህን ሊረሳ አይገባውም።

ይህን ሁሉ ስንል ሻጭ ይክሰር ማለታችን አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያው ዋጋ እንዲተምኑ ተጠይቀው አልተመኑም። መኪናው ብርቅ ስለሆነ በርካታ ዶላር መጠየቅ ሐላል ነው። ያልመጣን ገዢ መጥቶ ይህን ያህል ሰጥቶኛል ማለት፣ ጓደኛን አስቁሞ ያለ ፍላጎቱ ዋጋ ማስጨመር፣ በአላህ ስም እየማሉ ማሻሻጥ ግን የተከለከለ ነው።

እንግዲህ ሻጩ ምን ያድርግ? አስቀድሞ ገዢው መኪናውን ለምን እንደፈለገው ይጠይቅ፤ በየቀኑ ሊነዳው፣ ሊያድሰው ወይስ ሊፈታው? ሞተሩን ቀዝቃዛ እንዳለ ያቆየው። ምንጣፉን ያንሳ፤ ማግኔት ያቀብል፤ ስቱኮ ላይ ማግኔት አይዝምና። ገዢው በመረጠው መካኒክ ያስመርምር። የሚያውቀውን ነውር በወረቀት ዘርዝሮ ይፈራረሙ፤ ቁርአን በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ በንግድ ምስክር ማቆምን አስተምሮናልና። የባለቤትነት ወረቀቱም በስሙ የሆነና ከዕዳ የጸዳ ይሁን።

ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ከገለጹ በሽያጫቸው በረካ ያገኛሉ፤ ከደበቁና ከዋሹ በረካው ይነሳል። ነውሩን ተናግሮ ዋጋ የቀነሰ ሰው የተቀነሰውን ያህል ገንዘብ አጥቷል፤ የቀረው ግን ሐላል ሆኖለታል።

አላህ (ሱ.ወ) ገበያችንን በእውነት ያስውብልን፤ ከተሰወረ ሐራም ይጠብቀን። አሚን። ወላሁ አዕለም።